ኮሞ ሄደን ምን እንይ?

በማኅበራችን የእሑድ ስብሰባ ላይ ከአንዲት አባል የቀረበ ንግግር



ኮሚቴው ዛሬ እንድናገር የጠየቀኝ በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው፣ በፀደይ ወራት ወደ ኮሞ ከተማ ልናደርገው ባሰብነው የአንድ ቀን ጉዞ ምን ምን እንደምናይ እንድነግራችሁ ነው። ሁለተኛው ባለፈው ስብሰባ የተነሣው ጥያቄ ነው፤ «ሥራ ያጣች እህት ባለችበት ማኅበር ለሽርሽር ገንዘብ ማውጣት ተገቢ ነው ወይ?» የሚለው። ጥያቄው ከአባላትም ከደጋፊዎችም መጥቷል። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ማንም በክፋት አላነሣውም። ድምፅ የምንሰጠው ዛሬ ስለሆነ ከተማዋን እያዞርኋችሁ የራሴን መልስ እግረ መንገዴን እሰጣለሁ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው።

ኮሞን በፎቶግራፍ ያላየ የለም። ቪላዎቹ፣ የሆቴሎቹ በረንዳ፣ ነጫጭ ጀልባዎቹ። እዚህ ከተቀመጥነው መካከል በሐይቁ ዳር ካሉት ትልልቅ ቤቶች በአንዱ ሠርታ የነበረች እህት አለች። ሐይቁን ሁለት ዓመት ሙሉ ያየችው መስኮት ስትወለውል ብቻ እንደ ነበር ነግራናለች። እንግዲህ ይህ ጉዞ ሐይቁን ከመስኮቱ ወዲያ ማዶ ሆኖ ለማየት ነው።

ከተማዋ ከሚላኖ በስተ ሰሜን 40 ኪሎ ሜትር ያህል ብትርቅ ነው። ከካዶርና የሚነሣው ባቡር በአንድ ሰዓት ገደማ ከሐይቁ ዳር ያወርደናል። ሐይቁ በካርታ ሲታይ እግሩን ከፍቶ የቆመ ሰው ይመስላል፤ ኮሞ በምዕራቡ እግር ጫፍ ላይ ናት። ስፋቱ 146 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። የእኛ ጣና ሃያ እጥፍ ያህል ይበልጠዋል። ጥልቀቱ ግን ከ400 ሜትር በላይ ስለሆነ በዚህ በኩል ጣና አይወዳደረውም። ባሕር ዳር ያደጋችሁ ክርክሩን ለባቡሩ አቆዩት።

ከባቡር ወርደን መጀመሪያ የምንሄደው ወደ ጀልባዎቹ አይደለም፤ ወደ ሐር ሙዚየሙ ነው። በ1990 የተከፈተ ነው። ከመሀል ከተማ ትንሽ ወጣ ስለሚል ብዙ ጎብኚ አይደርስበትም። ውስጡ ወርቅ የለም፤ ሞልቶ ያለው መሣሪያ ነው፦ ማክረሪያ፣ መሸመኛ፣ ማቅለሚያ፣ ማተሚያ። ከእንጨት የተሠራ አንድ ትልቅ ክብ የክር ማክረሪያም አለ። እናቷ በእንዝርት ጥጥ ስትፈትል አጠገቧ ተቀምጣ ያደገች ሰው ያንን መሣሪያ ስታይ ማን ምን እንደሚሠራበት ወዲያው ይገባታል።

የሐር ነገር እንዲህ ነው። ትሉ ጄልሶ የሚባለውን ዛፍ ቅጠል እየበላ ያድግና በራሱ ዙሪያ ክር አድርቶ ውስጡ ይዘጋል። ከአንዱ ትል የሚገኘው ክር ሳይበጠስ ቢፈታ አንድ ኪሎ ሜትርና ከዚያም በላይ ሊረዝም ይችላል። ትሉን የሚያሳድጉት በኮሞና በብሪያንጻ መንደሮች የነበሩ የገበሬ ቤተሰቦች ናቸው፤ ከሁሉ በላይ ሴቶቹ። እንቁላሉ እንዲፈለፈል ሙቀት ያስፈልገዋልና በጨርቅ ቋጥረው በብብታቸውና በደረታቸው ይዘው ያሞቁት ነበር። ቀጥሎ መፍተያ ቤት አለ። ትሉ የሠራው ልባስ እንዲላላ በጣም በጋለ ውኃ ውስጥ ይነከራል። በትንሽ መጥረጊያ እያማሰለች የክሩን ጫፍ የምትፈልገው ብዙ ጊዜ ሕፃን ልጅ ነበረች። ታላላቆቿ ደግሞ የብዙውን ልባስ ክር አንድ ላይ ይዘው ወደ መጠቅለያው ይሰዱታል። እጃቸው ከጋለው ውኃ አይወጣም፤ ጣታቸው ይላጣል፤ የሞተው ትል ይሸታል። የሚላኖ ባለጠጎች ቀሚስና የቄሱ ካባ ከዚያ ነው የወጣው።

ዛሬ በኮሞ አካባቢ ትል የሚያረባ የለም ማለት ይቻላል። ጥሬው ክር በአብዛኛው ከቻይና ይመጣል። ኮሞ የምትታወቀው በመሸመኑ፣ በማቅለሙና በተለይ ጨርቁ ላይ ሥዕል በማተሙ ነው። ውድ የአንገት ልብስና ክራባት ስታዩ ከዚያ የመጣ ሊሆን ይችላል። ሥራውን የሚያስተምር ትምህርት ቤትም ከ1868 ጀምሮ አላት፤ ሴቲፊቾ ይሉታል።

ትምህርት ቤቱ የሚጠራው በፓኦሎ ካርካኖ ስም ነው። በጉዞው ሁሉ አንድ ስም ብቻ የምታስታውሱ ከሆነ ይህን አስታውሱ። ካርካኖ የኮሞ ልጅ ሲሆን በኢጣሊያ መንግሥት ሚኒስትር ነበር። በ1902 የወጣው የሴቶችና የሕፃናት ሥራ ሕግ እስከ ዛሬ የሚጠራው በእሱ ስም ነው። ሕጉ በፋብሪካ የምትሠራ ሴት የቀን ሥራ ከ12 ሰዓት እንዳይበልጥ ወሰነ። ከ12 ዓመት በታች ያለ ልጅ እንዳይቀጠር ከለከለ። የወለደች ሴት ለአንድ ወር ያህል ወደ ሥራ እንዳትመለስ አዘዘ። 12 ሰዓት ወሰን ከሆነ ከዚያ በፊት ስንት ይሠሩ እንደ ነበር እናንተው አስቡት። የወለደችውም ብታርፍ ደመወዝ አልነበራትም፤ ለዚያ የሚሆን የወሊድ መረዳጃ ሣጥን በሕግ የተቋቋመው በ1910 ነው። መረዳጃ ሣጥን! ቃሉ ለእኛ እንግዳ አይደለም።

ታዲያ በዚያ ሕግ ውስጥ በሰው ቤት የምትሠራው ሴት አልነበረችም። ፋብሪካው ተቆጠረ፤ ማድ ቤቱ ተረሳ። የቤት ሠራተኞችን ሥራ የሚመለከት የራሱ ሕግ የወጣው በ1958 ነው፤ የመጀመሪያው አገር አቀፍ የቤት ሠራተኞች ውል ደግሞ በ1974። ዛሬ በዚህ ውል መሠረት ከአሠሪዋ ቤት የምታድር ሠራተኛ በሳምንት 36 ሰዓት ዕረፍት አላት፤ 24ቱ እሑድ፣ 12ቱ በሌላ ቀን። ሐሙስ ከሰዓት በፖርታ ቬኔዚያ የምንገናኘው በዚህ ምክንያት ነው።

ይህን ሁሉ የማወራው ታሪክ ለማስተማር ብቻ አይደለም። አምና በጉዞ ላይ ሳለን አንዲት እህት ባቡር ውስጥ ስለዚህ 36 ሰዓት ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማች። ሰባት ወር ሙሉ እሑድን ሳታርፍ ሠርታለች፤ አሮጊቷን ትታ መውጣት እንደማትችል ነበር የተነገራት። ያን ቀን የወጣችውም «የቤተ ክርስቲያን በዓል ነው» ብላ ለምና ነው። አጠገቧ የተቀመጠችው አባላችን የውሉን ነገር አስረዳቻት፤ በሳምንቱም ወደ ሠራተኛ ማኅበር ቢሮ አብራት ሄደች። ያላረፈችባቸው ቀኖች ተሰልተው ተከፈሏት። ያንን ወሬ በስብሰባ ላይ ልትሰማው አትችልም ነበር፤ ወደ ስብሰባ የምትመጣበት ቀን አልነበራትምና። የመረዳጃ ሣጥናችን ስንታመም ይደርስልናል፤ ስንሞት ይሸኘናል። ሳንታመም አንድ ቀን ቁጭ ብለን የምንጫወትበትን ነገር ግን እስካሁን ቅንጦት እያልን ነው የኖርነው።

ወደ ከተማዋ ልመለስ። ከሙዚየሙ ወደ መሀል ስንገባ አሮጌውን ግንብ እናልፋለን፤ ፖርታ ቶሬ የሚባለው የግንቡ በር በ1192 የተሠራ ነው። መንገዶቹ ቀጥ ብለው የሚተላለፉት ከተማዋ ከሮማውያን ዘመን ጀምሮ እንዲያ ስለተቀየሰች ነው። ካቴድራሉ፣ ዱዎሞ የሚሉት፣ ግንባታው በ1396 ተጀምሮ ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ፈጅቷል። በዋናው በር ግራና ቀኝ የተቀመጡት ሐውልቶች ቅዱሳን እንዳይመስሏችሁና እንዳትሳለሙ፤ ሁለቱ ፕሊኒዎች ናቸው፤ አጎትና የእህት ልጅ፣ ክርስቲያን ያልነበሩ የጥንት ሮማውያን ጸሐፊዎች፣ የኮሞ ተወላጆች። በሰሜኑ በር ላይ የተቀረጸች ትንሽ እንቁራሪት አለች። ሰው ሁሉ እየነካካት መልኳ ጠፍቷል። ልጆች ይዛችሁ የምትመጡ፣ እንቁራሪቷን ቀድሞ ያገኘ ጄላቶ ይገዛለታል በሏቸው፤ ከድካም ያድናችኋል። ስለ ቮልታ ብዙ አልናገርም፤ የባትሪን መነሻ የሠራው ሰው በ1745 የተወለደው እዚህ ነው። በሐይቁ ዳር መሣሪያዎቹ የሚታዩበት ቤት አለ፤ የኤሌክትሪክ ነገር የምትወዱ ግቡ፤ ሌሎቻችን ደረጃው ላይ ቁጭ ብለን እንጠብቃችኋለን።

ከካቴድራሉ ጀርባ፣ ከባቡር ሐዲዱ ወዲያ፣ አንድ ነጭ አራት ማዕዘን ሕንፃ አለ። ከዓለም ዙሪያ የሕንፃ ተማሪዎች ሊያዩት ይመጣሉ። ጁዜፔ ቴራኚ የሚባል የኮሞ አርክቴክት ለፋሽስት ፓርቲ ጽሕፈት ቤት ብሎ የሠራው ነው፤ ያለቀው በ1936 ነው። በዚያው ዓመት በግንቦት ወር የኢጣሊያ ጦር አዲስ አበባ ገባ። ሕንፃው ያምራል፤ አልክድም። ብርሃኑና መስኮቶቹ ልክ ናቸው። ቢሆንም ፊት ለፊቱ ቆመን ፎቶ ስንነሣ ለልጆቻችን ዓመቱን መንገር የእኛ ፋንታ ነው። ዛሬ የፊናንስ ፖሊስ መሥሪያ ቤት ነው። የታሪኩ ፍጻሜም ሩቅ አይደለም። ሙሶሊኒ ሊሸሽ ሲል በዚሁ ሐይቅ ዳር ዶንጎ ላይ ተይዞ በማግሥቱ፣ ሚያዝያ 28 ቀን 1945፣ ጁሊኖ ዲ ሜጼግራ በምትባል መንደር ተገደለ። ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ከተመለሱ አራት ዓመት ሊሞላ አንድ ሳምንት ቀርቶት ነበር።

ምሳችንን በቪላ ኦልሞ መናፈሻ እንበላለን። በሐይቁ ዳር በእግር የሚደረስበት ለሕዝብ ክፍት የሆነ ቦታ ነው፤ እንጀራችንን ይዘን ብንዘረጋ የሚከለክለን የለም። የአገሩን ምግብ የምትሞክሩ ካላችሁ ሚሶልቲኒ የሚሉት በጨው የደረቀ የሐይቅ ዓሣ ከፖሌንታ ጋር ይቀርባል። ፖሌንታ የበቆሎ ገንፎ ነው፤ መሀሉ ላይ ቅቤና በርበሬ ማድረግን ብቻ አላወቁበትም።

ከምሳ በኋላ ወይ ጀልባ ወይ ተራራ። ቤላጆ ድረስ በዝግተኛው ጀልባ ሁለት ሰዓት ያህል ስለሚፈጅ ለአንድ ቀን አይመችም። የእኔ ምርጫ ተራራው ነው። ፉኒኮላሬ የሚሉት በገመድ የሚጎተት ባቡር ከ1894 ጀምሮ ይሠራል፤ በሰባት ደቂቃ ብሩናቴ መንደር ያወጣል። ከዚያ ላይ ከተማዋ በሙሉ በእጅ የተያዘች ትመስላለች፤ ሰማዩ ከጠራ የአልፕስ በረዶም ይታያል። ጉልበታችሁን የሚያማችሁ አትፍሩ፤ ቁጭ ብሎ ነው የሚወጣው።

ስንመለስ በመጣንበት ሳይሆን በሳን ጆቫኒ ጣቢያ በኩል እንድንሄድ ሐሳብ አቅርቤያለሁ። ባቡሩ ፈጣን ነው፤ ምክንያቴ ግን እሱ አይደለም። በ2016 ክረምት የስዊስ ድንበር ሲጠብቅባቸው በመቶዎች የሚቆጠሩ ስደተኞች ከጣቢያው ፊት ለፊት ባለው ሣር ላይ ሰንብተዋል። ብዙዎቹ የእኛው ልጆች ነበሩ፤ ከኤርትራ፣ ከኢትዮጵያ፣ ከሶማሊያ። ቀን ባቡር ይሳፈራሉ፤ ኪያሶ ላይ ይወርዳሉ፤ ማታ እዚያው ሣር ላይ ናቸው። ከኮሞ ሰዎች ምግብና ብርድ ልብስ ያመጡ ነበሩ፤ ያንን መመስከር ይገባል። በመስከረም የቀይ መስቀል ሰዎች የሚያስተዳድሩት የኮንቴይነር መጠለያ ተከፈተ። ከእኛም መካከል በየሐሙሱ ድስት ተሸክመው የሄዱ አሉ፤ ወጥ ሳይፈስ በባቡር ማድረስ እንዴት ያለ ጥበብ እንደሆነ ጠይቋቸው። ያኔ ከነዚያ ልጆች አንዷ የነበረች እህት ዛሬ እዚህ ተቀምጣለች፤ ይህን እንድናገር ፈቅዳልኛለች። እስካሁን ከተማዋን ገብታ አላየችም። ከጣቢያው እስከ ሣሩ ያለውን ብቻ ነው የምታውቀው። በዚህ ጉዞ ትመጣለች።

ለደጋፊዎቻችን ስለ ገንዘቡ ግልጽ ላድርግ። ሥራ ያለን ሁሉ ቲኬታችንን ራሳችን እንከፍላለን። ከሣጥኑ የሚወጣው ሥራ ላጡት፣ አዲስ ለመጡትና ለልጆቻቸው የባቡርና የሙዚየም መግቢያ ብቻ ነው። ሒሳቡ በጽሑፍ ይቀርባል፤ የተረፈውም ወደ ሣጥኑ ይመለሳል።

ሐሳቡ ከጸደቀ ስማችሁን ለገንዘብ ያዥዋ አስመዝግቡ። ከአሠሪዎቻችሁ ጋር ስለ ዕለቱ ለመነጋገር የምትቸገሩ ካላችሁ ከስብሰባው በኋላ ከእኔ ጋር ቆዩ፤ የውሉ ቅጂ በእጄ አለ። ጠፍጣፋ ጫማ አድርጉ፤ የኮሞ መንገድ ድንጋይ ነው።