ድንጋይ የሚበላ ዝናብ
(በተማሪዎች ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ሰው ስለ ጽናት ሲናገር ድንጋይን ይጠቅሳል። እኛም ኬሚስትሪ እስክንማር ድረስ ድንጋይን የሚያሸንፉት መዶሻና ጎርፍ ብቻ ይመስሉን ነበር። ዛሬ የምንናገረው ግን ድምፅ ሳያሰማ ተራራ ስለሚበላ ደካማ አሲድ ነው።

ዝናብ ሲወርድ በአየር ውስጥ ካለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጥቂት ይዞ ይወርዳል፤ ከእርሱም ጋር ተዋሕዶ ካርቦኒክ አሲድ ይሆናል። ንጹሕ የዝናብ ውሃ እንኳ ፒኤቹ 5.6 ገደማ የሚሆነው ስለዚህ ነው። በአየር ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከመቶ 0.04 ያህል ብቻ ነው፤ ነገር ግን ውሃው ወደ አፈር ሲሰርግ የዕፀዋት ሥሮችና ጥቃቅን ተሕዋስያን የተነፈሱትን ስለሚጨምር አሲድነቱ ይበረታል። ይህ ውሃ የኖራ ድንጋይ ሲያገኝ፥ በንጹሕ ውሃ እምብዛም የማይሟሟውን ካልሲየም ካርቦኔት ወደሚሟሟ ካልሲየም ባይካርቦኔት ይለውጠዋል። ድንጋዩ ተሰብሮ ሳይሆን ሟሙቶ ይሄዳል። ካርቦኔሽን የሚባለው ይህ ነው።

ማስረጃ የሚሻ ባሌ ወርዶ የሶፍ ዑመርን ዋሻ ይመልከት። በዚያ አሲዱ የኖራ ድንጋዩን ስንጥቅ አሰፋ፤ የወይብም ወንዝ ገብቶበት መንገዱ አደረገው። የዋሻው መተላለፊያዎች ሲደመሩ 15 ኪሎ ሜትር ያህል ናቸው። ባሌ የራቀበት ደግሞ ድሬዳዋ ያደገ ጓደኛውን ስለ ማንቆርቆሪያ ይጠይቅ። ውሃው ሲፈላ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ይወጣል፤ የሟሟውም ድንጋይ ተመልሶ ነጭ ቅርፊት ሆኖ ከማንቆርቆሪያው ላይ ይጋገራል።

ታዲያ ይህ ለፈተና ብቻ የሚጠና ነገር ነውን? አይደለም። አሸዋ ውሃን ያጣራል፤ አሲድ የቦረቦረው የኖራ ድንጋይ ግን እንደ ቧንቧ ያሳልፈዋል እንጂ አያጣራውም። በእንዲህ ያለ አገር ከላይ ሰርጓዳ ጉድጓድ ውስጥ የተጣለ ጥራጊ ወይም የሞተ ከብት፥ መርዙ ከታች ሰው ከሚቀዳው ምንጭ ሊደርስ ይችላል። ምንጩ ጥርት ብሎ መታየቱም ዋስትና አይሆንም። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የተባለው ለወንዝ ብቻ አይደለም።

እንግዲህ ለዕረፍት ወደየአገራችን ስንገባ፥ የኖራ ድንጋይ ባለበት ሁሉ ይህን ለጎረቤቶቻችን እናስረዳ። በሰሌዳ ላይ የጻፍነው እኩልታ ምንጭ ካላዳነ፥ መማራችን ለማን ነው?