ዳንቴልና ወፍራም መጽሐፍ

እሱ፦ ከሥራ ደክሞ የገባ ሰው ያን የሚያህል ወፍራም መጽሐፍ እንዴት ይገልጣል? ኧረ ተይኝ እቴ!

እሷ፦ ማን ግለጥ አለው? ያዳምጥ። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ነው የታተመው። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ግን፣ ስንቱ ነው መጽሐፉን በእጁ ሳይነካ ለፍቅረኞቹ ለበዛብህና ለሰብለ ወንጌል ያለቀሰው!

እሱ፦ እሱስ እውነት ነው። የመጽሐፉ ጉዱ ካሣ ሲባል ዛሬም ጆሮዬ ላይ የሚመጣው የወጋየሁ ድምፅ ነው።

እሷ፦ ጆሮ ትረካ ሲይዝ እጅ ሥራ አይፈታም። ዳንቴል የሚሠሩ እናቶችን አላየህም? ክሩ ሌባ ጣት ላይ ተጠምጥሞ፣ ኪሮሹ ገባ ወጣ ሲል፣ ዓይናቸውን እንኳ ጣል አያደርጉበትም።

እሱ፦ ሶፋው፣ ቴሌቪዥኑ... ስልኩ ሳይቀር ዳንቴል ይለብስ ነበር እኮ!

እሷ፦ (ሳቅ) አሁን ግን አንድ ነገር ሠርተህ ስታሳይ የመጀመሪያው ጥያቄ «ስንት ይሸጣል?» ነው። ያናድደኛል።

እሱ፦ ኑሮው ነዋ! ክሩም በገንዘብ ነው የሚገዛው።

እሷ፦ ይሁን፤ ለራስ ብቻ ቢሠራስ ምን ነውር አለው? ለመሆኑ ያ ክራርህ ከምን ደረሰ?

እሱ፦ አከራዬ «ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ እንዳልሰማ» ብለውኛል። እስከዚያ እከረክራለሁ።

እሷ፦ እግዜር ይስጣቸው! በል፣ መስመር ላይ አድማጭ እየጠበቀን ነው።