ያረጀ ነጠላ ከሶፍት ይሻላል

(በዕድራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዕድራችን ዕቃ ገዝቶ ያስቀመጠው ለሐዘን ቀን ነው። አሁን አሁን ግን በየድንኳኑ ሰሐኑም ጠረጴዛውም የሚወለወለው በሶፍት ሆኗል። ሶፍት አንዴ ወልውለው የሚጥሉት ነው፤ ገንዘቡም ከመዋጮአችን ይወጣል።

እናቶቻችን ያረጀ ነጠላ ቀደው ይወለውሉ፣ ድስቱን በቃጫና በአመድ ይፈትጉ ነበር። ጥጥ ውሃ ይመጥጣል። አመድም ቅባት የሚያስለቅቀው ፖታሽ ስላለው ነው፤ እኛ ዘንድ ደግሞ የዲከረንስ አመድ ሞልቷል። ብቻ አልሙኒየም ድስት ውስጥ አይደር፣ ይበላዋል።

ጨርቁን እንዶድ ያነጣዋል። ይሁን እንጂ ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ እንዳስተዋሉት፣ እንዶድ የውሃ ቀንድ አውጣ ይገድላል፤ ዓሣም ይጎዳል። ስለዚህ እጣቢው ወንዝ አይግባ።

እርጥብ ጨርቅ ጀርም ያራባል። የሰሐኑ ለብቻ፣ የወለሉ ለብቻ ይሁን፤ አገልግሎ ሲያበቃ ተቀቅሎ ፀሐይ ላይ ይሰጣ።

እያንዳንዱ ቤት አንድ ያረጀ ነጠላ ለዕቃ ቤቱ ቢያመጣ፣ የሶፍቱ ገንዘብ ለሐዘንተኛው ይተርፋል። በበኩሌ የእኔን ይዤ መጥቻለሁ።