ስኳር፣ ምትኩና የጥርስ ጤንነት



ሳሪስን አቋርጦ የሚያልፈው የደብረ ዘይት መንገድ ወደ ወንጂም ይወስዳል። በዚያም በ1946 ዓ.ም. የአገሪቱ የመጀመሪያው ዘመናዊ የስኳር ፋብሪካ ሥራውን ጀመረ። ዛሬ በሳሪስ ሻይ ቤቶች ያለ ስኳር ሻይ የሚጠጣ ሠራተኛ ጥቂት ነው።

ጥርስን የሚቦረቡረው ግን ስኳሩ ራሱ አይደለም። በጥርስ ላይ በሚለጠፈው ስስ ሽፋን ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች፣ በተለይም ስትሬፕቶኮከስ ሚውታንስ የተባለው ዝርያ፣ ስኳሩን ወደ አሲድ ይለውጡታል። ፒኤቹ ከ5.5 ገደማ በታች ሲወርድ የጥርሱ ማዕድን መሟሟት ይጀምራል፤ ምራቅም አሲዱን ለማርከስ ከግማሽ እስከ አንድ ሰዓት ያህል ይወስድበታል። ብረት አሲድ ውስጥ በቆየ ቁጥር ጉዳቱ እንደሚብስ ሁሉ፣ ቀኑን ሙሉ በየጥቂቱ የሚጠጣ ጣፋጭ ሻይ በአንድ ጊዜ ከሚጠጣው ይልቅ ጥርስን ይጎዳል።

ሳካሪንንም ሆነ ዛይሊቶልን እነዚህ ባክቴሪያዎች ወደ አሲድ ሊለውጧቸው አይችሉም። በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በፊንላንድ፣ በቱርኩ ከተማ በተካሄደው ጥናት ስኳርን ለሁለት ዓመት በዛይሊቶል በተኩ ሰዎች ላይ የጥርስ መቦርቦር በእጅጉ ቀንሶ ተገኝቷል።

ይሁን እንጂ ምትኩ የተለጠፈውን ሽፋን ጠርጎ አያነሳም። ስኳር አልባ ለስላሳ መጠጥም የራሱ አሲድ ስላለው ጥርስን ማሟሟቱ አይቀርም። በመሆኑም ጣፋጭን በምግብ ሰዓት መወሰን፣ ጥርስንም በመፋቂያ ወይም ፍሎራይድ ባለው የጥርስ ሳሙና ዘወትር ማጽዳት ይገባል። ምትክ አገኘሁ ብሎ መፋቂያውን የጣለ ሰው ለጥርሱ ምትክ አያገኝም።