ግብርናውን የተወው ሠዓሊ

የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ምሩቃን፣

አምና አዲስ አበባ፣ በገብረክርስቶስ ደስታ ስም የተሰየመው ሙዚየም ገብቼ ነበር። ሞኔን በመጽሐፍ ብቻ ነው የማውቀው፤ የገብረክርስቶስን ሥዕል ግን በዓይኔ አየሁ። ሰውየው ሐረር ተወልዶ፣ ጀርመን ኮሎኝ ሥዕል ተምሮ፣ እ.ኤ.አ. በ1981 አሜሪካ በስደት ያረፈ ገጣሚም ነው። መጀመሪያ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ምን ያጠና ነበር መሰላችሁ? እንደኔው ግብርና! እሱ ትቶት ወጣ። እኔ ሥዕሉን ትቼ ዲግሪዬን ያዝኩ፤ አባቴም ደስ አለው።

ቀዩ ቀለም ፊት ቆሜ የዱንጉዛችን ቀይ፣ ጥቁርና ቢጫ ትዝ አለኝ። በቀለም መሃል አድገን፣ አንድ የሥዕል ዐውደ ርእይ ሳናይ ተመረቅን እኮ!

እስቲ ዘንድሮ መሳል የሚወዱትን ተማሪዎች ሙዚየሙን እናሳያቸው። የአውቶቡሱን ነዳጅ እኔ እችላለሁ።