እንቁላል በእግሩ የሚሄድበት 21 ቀን



በዩኒየን የምሥረታ በዓል ላይ ስለ ማዳበሪያ አቅርቦት፣ ስለ ምርጥ ዘርና ስለ ትርፍ ክፍፍል መነጋገር የተለመደ ነው። ይህ ንግግር የሚያነሣው ግን ከጓሮ የማይርቀውንና በሪፖርት ብዙም የማይጠቀሰውን ጉዳይ ነው። ልጆች ስለ ዶሮ እንቁላልና ስለ ጫጩት አፈለፋፈል ምን ያውቃሉ? ማንስ ያስተምራቸዋል? ጥያቄው ትንሽ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን በአብዛኛው የገጠር ቤት ዶሮዎቹን ጠዋት የሚለቅ፣ ማታ ሲገቡ የሚቆጥር፣ እንቁላሉንም ከየስርቻው ፈልጎ የሚያመጣ ልጅ ነው። ከእንቁላሉ የሚገኘው ሳንቲምም ደብተርና እርሳስ፣ ጨውና ሳሙና የሚሆን ነው። እንዲያም ሆኖ ለዶሮ እርባታ ሥልጠና ሲጠራ የሚሄደው አባወራው ነው። ዶሮዋን የሚያውቃት ልጅና እናቲቱ ከቤት ይቀራሉ።

“ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል” የሚለውን ተረት ያልሰማ ልጅ የለም። እንቁላሉ እግር የሚያወጣው እንዴት እንደሆነ የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው። አንድ እንቁላል ተሰብሮ ሳህን ላይ ቢፈስና ጫጩት የሚሆነው የቱ ነው ተብሎ ቢጠየቅ፣ ብዙው ልጅ አስኳሉን ያሳያል። ብዙ አዋቂም እንዲሁ። አስኳሉ ግን ስንቅ ነው። ጫጩት የሚሆነው በአስኳሉ ላይ የምትታየው፣ ከምስር ፍሬ የማትበልጥ ነጭ ነጥብ ናት። አውራ ያላገኛት ዶሮ እንቁላል ከሆነ ነጥቧ ድፍንና ትንሽ ናት። አውራ ካገኛት ደግሞ ሰፋ ብላ ዙሪያዋ እንደ ቀለበት ክብ ይታይባታል። ይህን ለማሳየት የሚያስፈልገው አንድ እንቁላልና አንድ ሳህን ብቻ ነው፤ ትምህርቱ ሲያልቅም እንቁላሉ ይጠበሳል።

ይህች ነጥብ ለአባላት ኪስ ጭምር ትርጉም አላት። ከገበያ የተገዛ ትልልቅ እንቁላል “ዘሩ ጥሩ ነው” ተብሎ ለአገር ዶሮ ሲታቀፍ በየመንደሩ ይታያል። እንቁላሉ የመጣው እንደ ቦቫንስ ብራውን ያሉ እንቁላል ጣዮች ከሚረቡበት ጣቢያ ከሆነ፣ እዚያ ብዙ ጊዜ አውራ ዶሮ የለም። ዶሮ ያለ አውራም እንቁላል ትጥላለች፤ ሕይወት ግን የለውም። ዶሮዋ ከወር እምብዛም የማይተናነስ ጊዜ ከእንቁላል መጣል ታርፋለች፣ ከሲታ ትሆናለች፣ መጨረሻ ላይ የሚገኘው የሸተተ እንቁላል ነው። ነጥቧን ለይቶ የሚያውቅ የ10 ዓመት ልጅ ያለበት ቤት እንዲህ ያለውን ኪሳራ ሁለት ጊዜ አይከስርም። የተሻሻለ ዝርያ የሚፈልግ አባል አውራና ሴት አብረው ከሚረቡበት ቤት፣ ለአብነት ኮይኮይ ከሚያረባ ጎረቤት፣ እንቁላል ወስዶ ለአገር ዶሮ ማስታቀፍ ይችላል። በመታቀፍ ረገድ የአገር ዶሮን የምትወዳደር የለችም። ከ10 እንቁላል 7 ወይም 8 ጫጩት ማውጣት ለእሷ ብርቅ አይደለም።

ልጆችን በጣም የሚያስገርማቸው ጥያቄ ግን ሌላ ነው። ዶሮዋ 12 እንቁላል የጣለችው በአንድ ቀን አይደለም፤ ሁለት ሳምንት ወይም ከዚያ በላይ ፈጅቶባታል። ታዲያ ሁሉም በአንድ ቀን የሚፈለፈሉት እንዴት ነው? መልሱ ሙቀት ነው። እንቁላሉ ከዶሮዋ ሆድ ሲወጣ በውስጡ ያለው ዘር ማደግ ጀምሯል። ከወጣ በኋላ ሲቀዘቅዝ፣ ከ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በታች ሲሆን፣ እድገቱ ቆሞ ይጠብቃል። ዶሮዋ ደረቷን አሳርፋ 37 ዲግሪ ተኩል ገደማ ሙቀት ስትሰጠው ሁሉም እኩል ጉዞ ይጀምራል። የበኩሩም የመጨረሻውም ቆጠራ የሚጀምረው ከታቀፈበት ምሽት ነው።

ይህ ከተገባ ቀሪው ጥንቃቄ ሁሉ በራሱ ይከተላል። በቆላ አካባቢ ቤቱ ሲሞቅ ዘሩ ሳይታቀፍ በከፊል ማደግ ይጀምርና ይሞታል። ስለዚህ ለማስታቀፍ የተፈለገ እንቁላል በየቀኑ ተለቅሞ ከቤቱ ቀዝቃዛ ቦታ፣ ድፍድፉ ጫፍ ወደ ላይ ሆኖ ይቀመጣል። ከ7 ቀን በላይ ሲቆይ ጉልበቱ እየደከመ ይሄዳል፤ በየእንቁላሉ ላይ የተጣለበትን ቀን በእርሳስ መጻፍ የልጆች ሥራ ሊሆን ይገባል። እስክሪብቶ አይሆንም። እንቁላል ይተነፍሳልና ቀለሙ ወደ ውስጥ ሊሰርግ ይችላል። መታጠብም የለበትም። ቅርፊቱ በሺህ የሚቆጠሩ ዓይን የማያያቸው ቀዳዳዎች አሉት፤ ሲታጠብ ቆሻሻው በእነሱ ይገባል። ለማስረዳት አንድ ተራ እንቁላል ሞቅ ባለ ውኃ ውስጥ ማስገባት ይበቃል፤ ከቅርፊቱ ላይ ትንንሽ የአየር ኳሶች ሲወጡ ልጆቹ ራሳቸው ያያሉ። የቅርፊት ስባሪ ኮምጣጤ ውስጥ ሲገባ ደግሞ አረፋ እየደፈቀ ይሟሟል። ቅርፊቱ የኖራ ዘር መሆኑን፣ ዶሮዋም ይህን ከምግቧ ማግኘት እንዳለባት ከዚህ የተሻለ የሚያስተምር የለም። ተፈጭቶ ለራሷ የሚመለስ ቅርፊት ወጪ የለውም።

በ7ኛው ቀን ማታ ዋናው ትምህርት ይመጣል። ቤቱ ይጨልማል፤ የእጅ ባትሪ አፍ ላይ ቀዳዳ ያለው ካርቶን ይደረግና እንቁላሉ ከድፍድፉ ጫፍ በኩል ይያዛል። ሕይወት ያለው እንቁላል መሐሉ ላይ ጥቁር ነገር፣ ከእሱም እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጉ ቀይ ደም ሥሮች ይታዩበታል። ዝም ብሎ ለሚያይ ልጅ ጥቁሩ ነገር ሲንቀሳቀስ ይታየዋል። ያን ጊዜ የልጆቹን ፊት ማየት ነው! ልቡ እኮ ገና ከ2ኛው ቀን ማለቂያ ጀምሮ ይመታል። ጥርት ብሎ ብርሃን የሚያሳልፈው እንቁላል ዘር የሌለው ነው፤ የደም ቀለበት ብቻ የሚታይበት ደግሞ ጀምሮ የሞተ ነው። ሁለቱም ይወጣሉ፣ ዶሮዋም ለቀሩት ሙቀቷን ትሰጣለች። ሥራው ፈጠን ብሎ ማለቅ አለበት፤ ዶሮዋ ራሷ በቀን አንድ ጊዜ ለመብላትና ለመጠጣት ለጥቂት ደቂቃ ትነሣለችና ያን ያህል ጊዜ እንቁላሉን አይጎዳውም።

ሰው ከዶሮዋ ተምሮ ያለ ዶሮ ማስፈልፈል ከጀመረ ብዙ ዘመኑ ነው። በግብፅ ከ2,000 ዓመት በፊት ጀምሮ በጭቃ ጡብ በተሠሩ ምድጃዎች ጫጩት ይፈለፈል ነበር። ሠራተኞቹ ቴርሞሜትር አልነበራቸውም፤ እንቁላሉን የዓይን ሽፋናቸው ላይ አስጠግተው ሙቀቱን ይለኩ ነበር። የዛሬው የኤሌክትሪክ ማስፈልፈያ የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ ይሞቃል፣ ያርሳል፣ በቀን ብዙ ጊዜ ያገላብጣል። ዶሮዋም በምንቃሯና በእግሯ ታገላብጠዋለች፤ ካልተገላበጠ ሽሉ ከቅርፊቱ ሽፋን ጋር ይጣበቃል። ከ18ኛው ቀን በኋላ ግን መገላበጡ ይቀራል።

በ20ኛውና በ21ኛው ቀን ልጆችን መጠበቅ ያስፈልጋል፤ ያን ጊዜ ጉዳት የሚመጣው ከደግነት ነው። ጫጩቱ ውስጥ ሆኖ ይጮኻል፤ ምንቃሩ ጫፍ ላይ ባለችው ጠንካራ ጥርስ መሰል ነገር ቅርፊቱን ይነቁራል፤ ከዚያም ዝም ይላል። ልጁ “ደክሞታል፣ ልርዳው” ብሎ ቅርፊቱን ይልጠዋል። ጫጩቱ ግን አልደከመም። የቀረውን አስኳል በእምብርቱ በኩል ወደ ሆዱ እየሳበ፣ በሽፋኑ ላይ ያለውን ደምም ወደ ሰውነቱ እየመለሰ ነው። ከመጀመሪያው ቀዳዳ እስከ መውጣቱ ግማሽ ቀን፣ አንዳንዴም አንድ ሙሉ ቀን ሊወስድ ይችላል። ቶሎ የተላጠው ደሙ ፈስሶ ይሞታል። ስንቱ ቤት በዚህ ምክንያት ጫጩት ሞቶ “ዓይን በላው” ተብሏል። ጫጩቱ ስንቁን ይዞ ስለሚወጣም ለ2 ቀን ያህል ባይበላ አይሞትም፤ የአንድ ቀን ጫጩት በካርቶን ተጭኖ ከቢሾፍቱ ሩቅ ወረዳ ድረስ የሚደርሰው በዚሁ ምክንያት ነው።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ ከቤት ወጥቶ ወደ ማኅበሩ የሚመጣው። 12 እንቁላል ታቅፈው 2ቱ ጥርት ብለው ቢወጡና 8 ጫጩት ቢፈለፈል፣ በ2 ወር ውስጥ 4 ያህሉ ብቻ ቢተርፉ በብዙ የገጠር ቀበሌ እንግዳ ነገር አይደለም። በአገሪቱ በተደረጉ ጥናቶች ከአገር ጫጩት ግማሽ ያህሉ የመጀመሪያዎቹን 8 ሳምንታት እንደማያልፍ ተደጋግሞ ታይቷል። ግማሹን ጭልፊት፣ ሸለምጥማጥ፣ ብርድና ፈንግል ይካፈሉታል። ለየትኛው ስንት እንደደረሰው ግን የሚያውቅ የለም። በቤት ውስጥ ሊጽፈው የሚችለው ደግሞ ልጁ ነው። አንድ የደብተር ገጽ ይበቃል፦ የታቀፈበት ቀን፣ የታቀፈው ብዛት፣ በ7ኛው ቀን የወጣው፣ የተፈለፈለው፣ የሞተው፣ የሞተበት ምክንያት። ጫጩት ሲሞት ልጁን “ዝም በል፣ ሌላ ይመጣል” ከማለት ምን እንደገደለው አብሮ መጠየቅና ማስጻፍ ይሻላል።

መዝገቡ ምን ይሠራል? የፈንግል ክትባት በዓይን የሚንጠባጠብ ቀላል ነገር ነው። ችግሩ አንዱ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮ የሚበቃ መሆኑና ከተበጠበጠ በኋላ ሳያድር ማለቅ ያለበት መሆኑ ነው። 9 ዶሮ ያለው አንድ አባል ብቻውን ቢገዛው ያከስረዋል፤ ስለዚህ አይገዛውም፤ በሽታው ብዙ ጊዜ ዝናብ ሊገባ ሲል ይመጣና መንደሩን ባዶ ያደርጋል። በአንድ መንደር ያሉ ልጆች ግን በየቤቱ ስንት ዶሮና ስንት ጫጩት እንዳለ ጽፈው ከያዙ፣ ማኅበሩ በአንድ ቀን ስንት ብልቃጥ እንደሚያስፈልግ አስቀድሞ ያውቃል። የእንስሳት ጤና ባለሙያውም አንድ ጠዋት መጥቶ ይጨርሳል፤ በየ3 እና 4 ወሩም ይደገማል። የኅብረት ሥራ ማኅበር የሚባለው ይህን ለመሰለ ነገር አይደለምን? ዓለም አቀፍ የኅብረት ሥራ ማኅበራት ጥምረት በ1995 እ.ኤ.አ. ካጸደቃቸው 7 መርሆዎች አምስተኛው ትምህርት፣ ሥልጠናና መረጃ ነው፤ ወጣቶችንም ለይቶ ያነሣል።

ጊዜውን መምረጥም ለልጆች ጥሩ የሂሳብ ትምህርት ነው። ጥቅምት 1 ማታ የታቀፈ እንቁላል ጥቅምት 22 ገደማ ይፈለፈላል። ጫጩቶቹ ብራ ያገኛሉ፣ አውድማው ላይ ጥሬ አይጠፋም፣ ፋሲካ በሚያዝያ ሲውል ኮርማዎቹ 6 ወር ሊሞላቸው ይደርሳሉ። በሁዳዴ የእንቁላል ዋጋ ሲወድቅ ከመሸጥ ማስታቀፍም ያዋጣል፤ በመጋቢት የተፈለፈለው ለእንቁጣጣሽ ይደርሳል። ነገር ግን ክረምቱ መሐል ላይ ስለሚያገኘው ደረቅ ማደሪያ ያላሰናዳ ሰው ባይሞክረው ይመረጣል። ዙሪያው በሣር የተጠቀጠቀ የእንጨት ሳጥን ለጫጩቶቹ ያለ መብራት ሙቀት ይይዝላቸዋል።

ለመምህራን አንድ ማሳሰቢያ አለ። በክፍል ውስጥ ማስፈልፈያ መትከል ሲታይ ያምራል፤ መብራት በአንድ ሌሊት ቢጠፋ ግን 40 ልጅ የሚያየው የሞተ እንቁላል ነው፤ ቢፈለፈልም ጫጩቶቹ የማን እንደሚሆኑ አስቀድሞ ያልታሰበበት ትምህርት ቤት ጭካኔን ነው የሚያስተምረው። የታቀፈች ዶሮ ያለችበት ተማሪ ቤት ተመርጦ፣ የአካባቢ ሳይንስ ትምህርቱ በእሱ ቢከተል ይሻላል፤ ዶሮዋ እንዳትደናገጥ በአንድ ጊዜ ከ3 ልጅ በላይ ባይጠጋት። እንቁላልም ጫጩትም ከነኩ በኋላ እጅን በሳሙና መታጠብ ግዴታ ነው። ጫጩት መሳም የለም፤ ልጅ በሚተኛበት ክፍልም ዶሮ ማሳደር ተቅማጥ ያመጣል።

በ2015 ዓ.ም. የሌማት ትሩፋት ከተጀመረ ወዲህ የዶሮ ሥርጭት በየወረዳው ዕቅድ ውስጥ ገብቷል። የሚቆጠረው ግን የተሠራጨው ነው፤ ከ2 ወር በኋላ የተረፈውን የሚጠይቅ ቅጽ ብዙም አይታይም። ለወረዳ ኃላፊዎች የሚቀርበው ጥያቄ ይህን አንድ ዓምድ እንዲጨምሩ ነው። ለመሠረታዊ ማኅበራት የሚቀርበው ደግሞ ከዚህም ያነሰ ነው፦ ለእያንዳንዱ መንደር አንድ የእጅ ባትሪ፣ አንድ ደብተርና ጥቂት እርሳስ፣ መዝገቡንም በወር አንድ ጊዜ ከልጆቹ እጅ ተቀብሎ የሚያነብ አንድ የኮሚቴ አባል።