ስለ ዱም ዘምባባ



ዘምባባ ሲባል ሁላችንም ቶሎ ትዝ የሚለን በሆሣዕና ዕለት በራሳችን ላይ የምናስረው ቅጠል ነው። የሆሣዕናው ዘምባባ ቅጠሉ እንደ ወፍ ላባ ግራና ቀኝ የተሰነጠቀ ነው። እኛ ዛሬ የምንናገረው ግን ቅጠሉ እንደ ማራገቢያ ስለተዘረጋው ስለ ቆላው ዘመዱ፣ ስለ ዱም ነው።

ዱምን ለማየት የሚፈልግ ሰው ወደ አዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ወርዶ የፍልውሃውን ዳር ይመልከት። ሌላው ዘምባባ አብዛኛውን ጊዜ ሳይከፈል ቀጥ ብሎ ሲያድግ፣ የዱም ግንድ ለሁለት፣ እያንዳንዱም እንደገና ለሁለት እየተከፈለ ይሄዳል፤ ይህም በዘምባባ ወገን እምብዛም የማይገኝ ጠባይ ነው። ቁመቱ 10 ሜትርና ከዚያም በላይ ይደርሳል። ወንዱና ሴቷ ዛፍ ለየብቻ ስለሆኑ፣ ወንድ በአቅራቢያዋ ከሌለ ሴቷ አታፈራም። የፍሬው ላይኛ ሥጋ ቃጫ የበዛበት ቢሆንም ጣፋጭ ነው፤ ዘሩ ደግሞ እንደ ዝሆን ጥርስ ስለሚጠነክር አዝራር ይሠራበት ነበር። የጥንት ግብፃውያንም ፍሬውን ያከብሩት ኖሯል፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1922 ዓ.ም. በተገኘው በንጉሥ ቱታንክአሙን መቃብር ውስጥ ከስንቁ ጋር ተቀምጦ ታይቷል።

ይህ ዛፍ ዝናብ በጠፋበት አገር ለምለም ሆኖ የሚታየው ሥሩ ከመሬት በታች ካለው ውሃ ስለሚደርስ ነው። ሙቀትንና ጥቂት ጨው ያለበትን አፈር ይችላል፤ የደጋን ውርጭ ግን አይችልም። ስለዚህ ለግቢ ውበት ብሎ በደጋ መትከል በእኛ አስተያየት ከንቱ ድካም ነው።

አፋሮች ከቅጠሉ ሰሌን ሠርተው ቤታቸውን ያለብሱበታል፤ የግንዱንም ጫፍ ቆርጠው ፈሳሹን ለመጠጥ ይቀዳሉ። ቅጠሉ በልክ ቢቆረጥ ዛፉ አይሞትም። ነገር ግን ዘምባባ የሚያድገው በጫፉ ካለው እምቡጥ ስለሆነ፣ ጫፉ የተቆረጠበት ግንድ ሌላ አናት አያወጣም፤ ቀስ በቀስ ይደርቃል። ይህን የምንናገረው የበረሃውን ሰው ለመውቀስ አይደለም፤ ሰሌኑ ቤቱም ገበያውም ነውና። ቁም ነገሩ ከየጉጡ ጥቂት ግንድ ሳይነካ መተው፣ በደረቀውም ፈንታ መትከል ነው።

ተከላውም ቢሆን ትዕግሥት ይጠይቃል። ዘሩ ውሃ ውስጥ ሰንብቶ ይቀበራል፤ የመጀመሪያው ቡቃያ ወደ ላይ ከመውጣቱ በፊት ወደ ታች ጠልቆ ስለሚገባ፣ ነቅሎ ሌላ ቦታ መትከል ይጎዳዋል። እንግዲህ ከመጀመሪያው በሚኖርበት ቦታ፣ በወንዝ ዳር ይቀበር፤ ዙሪያውንም እሾህ አጥሮ ከፍየል መጠበቅ ያስፈልጋል።